ሚጣዬ፣ ያንን ቀስት አትግዢው

ያንን አትግዢው። አዎ፣ በትከሻሽ በኩል እያየሁ ነው፤ ስልክሽ እንዳይታይ ከፈለግሽ ከእኔ ሶፋ ተነሺ። ማማሩን አልካድኩም፤ እንጨቱ ቀላ ያለ፣ መጨበጫው ቆዳ የተጠቀለለበት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀንድ የተሰካበት ነው። ግን እስቲ ከሥሩ ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ። 45 ፓውንድ! ፋብሪካው በለካው ልክ ከሳብሽው 20 ኪሎ በሦስት ጣት አንጠልጥለሽ ቆምሽ ማለት ነው። አንዴ ቢሆን ምንም አልነበረም። ሜዳ ላይ ግን በአንድ ከሰዓት ስልሳ ሰባ ጊዜ ትስቢዋለሽ። ሦስተኛው ላይ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ይወጣል፣ አሥረኛው ላይ ክንድሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በኋላ የምታስቢው ቶሎ ለቅቆ መገላገልን ብቻ ነው። ቀስት ጀምሮ የተወ ሰው ስታገኚ የመጀመሪያ ቀስቱ ስንት ፓውንድ እንደነበር ጠይቂው፤ በመልሱ አብረን እንስቃለን።

በከባድ ቀስት መታለል ደግሞ የቆየ ነገር ነው። ሄሮዶቱስ የጻፈውን ታውቂያለሽ? የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሰስ ግብፅን ከያዘ በኋላ ከግብፅ በስተደቡብ ወዳሉት ኢትዮጵያውያን ስጦታ ያስይዝና ሰላዮች ይልካል። የኢትዮጵያውያኑ ንጉሥ ነገሩ ገባው። አንድ ትልቅ ቀስት አውጥቶ ሰጣቸውና፣ ፋርሶች ይህን የሚያህል ቀስት ያለ ችግር መሳብ ሲችሉ ያን ጊዜ ይምጡብን ብሎ መለሳቸው። ቀስቱ ከፋርሶቹ ሰፈር ደረሰ፤ የሚስበው ጠፋ። የካምቢሰስ ወንድም ብቻ ሁለት ጣት ያህል ሳበው። በዚያችው ሁለት ጣት ካምቢሰስ ቀንቶ ወንድሙን ወደ አገሩ ሰደደው፣ ኋላም በሌላ ሰበብ አስገደለው። በእርግጥ የሄሮዶቱስ ኢትዮጵያ የዛሬው ካርታችን አይደለም፣ ወደ ኩሽና ኑብያ ነው የሚያደላው፤ ግብፆችም ያንን አገር የቀስት ምድር እያሉ ይጠሩት ነበር። እኛ ደገኞቹ ጦርና ጋሻ፣ ኋላም ጠመንጃ ይዘን ቀስቱን ከረሳነው ቆየን፤ በምዕራብ ጉሙዞች ዘንድ ግን እስከ እኛ ዘመን የታወቀ መሣሪያ ነው። ለማንኛውም፣ አንቺ ዙፋን ላይ የሚቀናብሽ ወንድም የለሽም፤ ሁለት ጣት ለመሳብ ገንዘብሽን አታውጪ።

ለአንቺ የሚሆነው 20 ወይም ቢበዛ 25 ፓውንድ ነው፤ ከ9 እስከ 11 ኪሎ። ቁጥሩ ደግሞ እንደሚመስልሽ አይደለም። ቀስት ላይ የሚጻፈው ክብደት አውታሩ 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሴንቲ ሜትር ሲሳብ ያለው ነው። እጅሽን ዘርግተሽ ከመሀል ጣት እስከ መሀል ጣት ለኪና ለ2.5 አካፍዪው፤ የመሳቢያ ርዝመትሽ እሱ አካባቢ ነው። 160 ሴንቲ ሜትር ከሆንሽ 64 ይመጣል፣ 25 ኢንች ገደማ። ከ28ቱ የጎደለው እያንዳንዱ ኢንች ሁለት ሦስት ፓውንድ ይቀንሳል፣ ቀላሉ ቀስት ላይ ያነሰ፣ ከባዱ ላይ የበዛ። ስለዚህ ያ 45 የተባለው በአንቺ እጅ 37 ወይም 38 ቢሆን ነው። አትደሰቺ! እሱም 17 ኪሎ ነው።

እኔን ካመንሽ የመጀመሪያው ሪከርቭ ይሁን፤ ጫፎቹ ወደ ፊት ቀና ያሉት። ያውም የሚፈታታው፤ መሀሉ መጨበጫ፣ ከላይና ከታች ሁለት ክንድ፣ በብሎን የሚታሰር። ሳሚክ ሴጅ የሚባለውን ብዙ ጀማሪ የሚገዛው ለዚህ ነው፤ ቁመቱ 62 ኢንች ሆኖ ከ25 ፓውንድ ይጀምራል። ጀርባሽ ሲጠነክር አዲስ ቀስት አትገዢም፣ ክንዶቹን ብቻ ትቀይሪያለሽ። ወደ ፊት ቀና ያለው ጫፍ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ስትስቢ ክብደቱ እስከ መጨረሻው በለሆሳስ ይመጣል እንጂ መጨረሻ ላይ ግድግዳ አይሆንብሽም፣ ስትለቂ ደግሞ ፍላጻውን ፈጠን አድርጎ ይልከዋል። ክፉ ጎኑ እጅሽ ትንሽ ሲጣመም ይቅር አለማለቱ ነው። ለመማሪያ ግን ያ ክፋት አይደለም፤ ጥፋትሽን ወዲያው ይነግርሻል።

ስልክሽ ላይ ያፈቀርሽው ሎንግቦው ነው፤ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ሳይገተር በትር ብቻ የሚመስል። አያታችን ጥጥ የምትነድፍበትን ደጋን አስታውሺ፤ የታጠፈ እንጨትና የተወጠረ አውታር፣ ሌላ ምንም የለውም። ሎንግቦውም ያ ነው፤ ማነጣጠሪያ የለው፣ ፍላጻ ማሳረፊያ መደርደሪያ እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ ፍላጻውን የጣትሽ አንጓ ይሸከመዋል። ምርጡ ዩው ከሚባለው ዛፍ ይሠራል። ከአንድ ግንድ ነጩም ቀዩም እንጨት አብሮ ይጠረባል፤ ነጩ በውጭ በኩል ሆኖ መለጠጡን ይችላል፣ ቀዩ ወደ አንቺ በኩል ሆኖ መጨመቁን ይችላል። ተፈጥሮ ራሷ አጣብቃ የሰጠችው ማለት ነው።

እንግሊዞች በዚህ ቀስት አብደው ነበር። በ1545 የሰጠመችው ሜሪ ሮዝ የምትባል የጦር መርከባቸው በ1982 ከባሕር ወጥታለች፤ ከውስጧም ከ130 በላይ ያልተሰበሩ ሎንግቦዎች ተገኝተዋል። ባለሙያዎች ገምተው ገምተው ክብደታቸውን ከ100 እስከ 185 ፓውንድ አደረሱት። 185! እነዚያ ሰዎች ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲስቡ ያደጉ ናቸው፤ ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ በ1363 በበዓላት ቀን ወንዱ ሁሉ ቀስት እንዲለማመድ አዝዞ ነበር። ከሰጠሙት መርከበኞች አንዳንዶቹ የትከሻ አጥንታቸው ላይ ያ ሁሉ መሳብ ትቶት ያለፈ የሚመስል ምልክት ታይቷል። አንቺ ሰኞ ሥራ ትገቢያለሽ፤ አጥንትሽን ለሙዚየም አታዘጋጂ።

ይልቅ ከሎንግቦው ሰዎች መካከል የምወድልሽን ሴት ልንገርሽ፤ ኩዊኒ ኒዋል ትባላለች። በ1908 ለንደን ኦሊምፒክ በሴቶች ቀስት ወርቅ ስትወስድ 53 ዓመቷ ነበር። ሁለተኛ የወጣችው ሎቲ ዶድ ደግሞ ዊምብልደንን አምስት ጊዜ ያሸነፈች የቴኒስ ጀግና ናት። ረጅም ቀሚስና ትልቅ ባርኔጣ አድርገው በዝናብና በነፋስ ነው የተወዳደሩት። ስለዚህ በ31 ዓመት "አልረፈደብኝም ወይ?" የሚለውን ጥያቄ ድጋሚ እንዳልሰማው።

ከሎንግቦው የማትርቀው ፍላትቦው አለች፤ ክንዷ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ ስለሆነ ጫናው ይከፋፈልላታል፣ ከተራ እንጨትም ቢሆን ጥሩ ሆና ትወጣለች። ይቺን ዓይነት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አሳምረው ይሠሯት ነበር። እዚህ አሜሪካ ሰው ዛሬ ቅዳሜና እሁድ የእንጨት ቀስት ይዞ ጫካ የሚወጣው በአብዛኛው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። በ1911 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢሺ የሚባል ሰው ብቻውን ከተራራ ወረደ፤ ያሂ ከሚባሉት ወገኖቹ የቀረ አልነበረም። ሳን ፍራንሲስኮ ወስደው ሙዚየም ውስጥ አኖሩት። እዚያ ሳክስተን ፖፕ የሚባል ሐኪም ተወዳጀውና ቀስት መጥረቡን፣ ፍላጻ ማቅናቱን፣ አደኑን ከእሱ ተማረ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ሐኪሙ በ1923 ያሳተመው መጽሐፍ አገሩን በሙሉ ቀስት አስያዘው። የኢሺ ቀስት አጭር፣ ከጥድ የተሠራ፣ ጀርባው ላይ ጅማት የተለጠፈበት ነበር። ሥርዓትም ነበረው፦ ቀስትን መራመድ ነውር ነው፣ ሴት ከነካችው ደግሞ ጠማማ ይወረውራል፣ በአሸዋና በውኃ መታጠብ አለበት። እኔ ስስት አሁንም በዚህ አሳብባለሁ፤ የእኔው እጅ ስለነካው ነው እላለሁ።

የፈረሰኞቹን ቀስት ሳታዪ አትቀሪም፤ አጭር፣ ሲላላ ወደ ኋላ ተገልብጦ የሚጠቀለል። ሞንጎሉ፣ ቱርኩ፣ ሃንጋሪው፣ ኮሪያው ሁሉም የየራሱ አለው። የጥንቱ አሠራር ወደ አንቺ በኩል ቀንድ፣ መሀሉ እንጨት፣ በውጭ በኩል ጅማት ሆኖ በሙጫ የተጣበቀ ነው። አንዱን ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ሙጫው መድረቅ አለበትና። ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው ፋይበርግላስ ነው፣ እሱም አይናቅም። የሚከብደው አሳሳቡ ነው፤ በሦስት ጣት ሳይሆን በአውራ ጣት፣ በቀለበት ታግዘሽ ትስቢዋለሽ፣ ፍላጻውም በቀኝ በኩል ይቀመጣል። ሃንጋሪያዊው ላዮሽ ካሻይ ከፈረስ ላይ እየጋለበ ሲወረውር በቪዲዮ እዪው፣ ከዚያ ግን ስልኩን አስቀምጪው። የቱርኮቹ ቀስት በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገበ ባህል ነው፣ ኮሪያዎቹ ደግሞ ዒላማቸውን 145 ሜትር ላይ ያቆማሉ። ለአንቺ ገና አሥር ሜትር እንኳ ሩቅ ነው።

የጃፓኑ ዩሚ ሌላ ዓለም ነው። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል፣ የሚጨበጠው ከመሀል ዝቅ ብሎ ነው፣ ዒላማው 28 ሜትር ላይ የቆመ 36 ሴንቲ ሜትር ክብ ነው። እሱን ከመምህር እግር ሥር ቁጭ ብለሽ ካልሆነ በዩቲዩብ አትማሪውም። ኮምፓውንዱን፣ ያ መዘውርና ገመድ የበዛበትን፣ ከእኔ አትጠይቂ። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን መዘውሩ ክብደቱን ይሸከምልሻል፣ ማነጣጠሪያው ያይልሻል፣ ማስለቀቂያው ይለቅልሻል። ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?

እዚህ ጋ ነው ደስታው። ማነጣጠሪያ በሌለው ቀስት የምታዪው ዒላማውን ብቻ ነው፤ ሙሉውን እንኳ አይደለም፣ አንዲት ነጥብ። ፍላጻው የት እንደሚያርፍ የሚቆጥረው ዓይንሽና እጅሽ ተስማምተው ነው። መጀመሪያ አይስማሙም። ድንገት አንድ ቀን፣ ሳታሰላስዪ የለቀቅሽው ሄዶ የፈለግሽው ቦታ ሲሰካ፣ ምን እንዳደረግሽ ራስሽ አታውቂውም። ቀላል ቀስት ፍላጻው ስለማይፈጥን አካሄዱን በዓይንሽ ትከተይዋለሽ፤ ከፍ ሲል፣ ላባው ሲሽከረከር፣ ዝቅ ሲል። የከበደውን የሚመኙት ይሄን ያጣሉ።

ተነሺ እስቲ፣ የእኔን ያዢ፤ በባዶ እጅ ከማውራት ይሻላል። አውታሩን ገና አትሳቢ። መጀመሪያ ሁለት መዳፍሽን ዘርግተሽ በመሀላቸው ትንሽ ቀዳዳ ሥሪና በሁለቱም ዓይንሽ መብራቱን በቀዳዳው እዪው። አሁን ግራ ዓይንሽን ጨፍኚ። መብራቱ አለ? አለ። ቀኝ ዓይንሽ ነው የሚመራው፣ ስለዚህ ቀስቱን በግራ እጅሽ ትይዣለሽ፣ በቀኝ ትስቢያለሽ። ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የግራ ቀስት እንፈልግ ነበር። ይሄን ሳያጣሩ ገዝተው የሚቸገሩ ብዙ ናቸው።

እግርሽን በትከሻሽ ልክ ክፈቺ፣ ጎንሽን ለዒላማው ስጪ። ግራ እጅሽ ቀስቱን አይጨብጠው፤ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መሀል ይደገፍ፣ ሌሎቹ ጣቶች ዘና ይበሉ። በቀኝ እጅሽ ሌባ ጣትሽ ከፍላጻው በላይ፣ የመሀልና የቀለበት ጣትሽ ከታች፣ አውታሩ የመጀመሪያው አንጓ ላይ። አሁን ሳቢ፤ በክንድሽ አይደለም፣ ክርንሽን ወደ ኋላ እየላክሽ በጀርባሽ። ትከሻሽን አውርጂ! ሌባ ጣትሽ የአፍሽን ጥግ ነካ? እዚያ ቁሚ። ሁልጊዜ እዚያው፤ ዛሬ አፍሽ ጥግ፣ ነገ አገጭሽ ላይ ከሆነ ፍላጻው ምን ይሁን? አሁን ቀስ ብለሽ መልሺው። አትልቀቂ፤ ፍላጻ የለበትም።

ይሄን በደንብ ስሚ፤ ባዶ አውታር ፈጽሞ አይለቀቅም። ፍላጻው ይዞት የሚሄደው ጉልበት መሄጃ ሲያጣ ወደ ክንዶቹ ይመለሳል፤ ቀስቱ ሊሰነጠቅ፣ ፊትሽም ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ሱቅ ገብተሽ የሰው ቀስት ስታነሺም እንዲሁ። ስትገትሪው ደግሞ እግርሽ መሀል አስገብተሽ አትጠምዝዢው፤ የሪከርቭ ክንድ ይጣመማል። ሁለት ጫፉ ላይ ኪስ ያለው መገተሪያ ገመድ አለ፤ ሁለቱን ጫፍ ታለብሺያለሽ፣ ገመዱን ትረግጫለሽ፣ መጨበጫውን ወደ ላይ ትስቢያለሽ፣ አውታሩ ተንሸራቶ ቦታው ይገባል። ዋጋው ምንም አይደለም። የእንጨት ቀስት ሲያርፍ ይላላ፣ ተገትሮ ከከረመ እንደታጠፈ ይቀራል። አውታሩን አልፎ አልፎ ሰም ቀቢው።

ፍላጻ ላይ አትሰስቺ። ጀማሪ ገንዘቡን ሁሉ ቀስቱ ላይ ይጨርስና ፍላጻውን ካገኘው ይለቅማል፤ እኔ የተገላቢጦሹን አደርግ ነበር። ፍላጻ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ አይወጣም። መሀሉ ይታጠፋል፣ የቀስቱን እንጨት ዞሮ ያልፋል፣ ከዚያ ይቀናል። በጣም ግትር ከሆነ ወይ በጣም ከላላ ዞሮ ማለፉ ይበላሻል፣ ወደ ጎን ይሄድብሻል፤ አንቺ እጄ ነው ብለሽ ታለቅሻለሽ። ስለዚህ ለቀስትሽ ክብደትና ለመሳቢያ ርዝመትሽ የተመዘነ ይሁን፤ ሻጩ ሰንጠረዥ አለው፣ ጠይቂው። ላባው የእውነት ላባ ይሁን፣ አብዛኛው የተርኪ ላባ ነው። ፕላስቲኩ ከቀስቱ ጎን ሲጋጭ ፍላጻውን ያነጥረዋል፣ ላባ ግን ተጋድሞ ያልፋል። ዝናብ አይወድም፤ አንቺም አትወጂም።

መጀመሪያ አካባቢ ዒላማ ወረቀት አትስቀዪ። የገለባው ክምር ፊት ሦስት አራት ሜትር ላይ ቁሚና ዓይንሽን ጨፍነሽ ወርውሪ። እዚያ ርቀት አትስቺም፤ የምታዳምጪው ጣትሽን ነው። ጣት አይከፈትም፣ መያዙን ይተዋል፤ እጅሽ በጉንጭሽ ላይ ሄዶ ከጆሮሽ ሥር ያርፋል። ግራ እጅሽ ደግሞ ፍላጻው ገለባውን እስኪመታ ከቦታው ንቅንቅ አይበል። አሰልቺ ነው ትዪኛለሽ። ነው። ከዚያ ነው ጫካ ውስጥ እየተዘዋወሩ የስፖንጅ አጋዘንና ድብ የሚወረውሩበት ቦታ የምወስድሽ፤ እዚያ ርቀቱን ማንም አይነግርሽም፣ በዓይንሽ ገምተሽ ነው።

ቅዳሜ እንሄዳለን። መናፈሻው ውስጥ ያለው ሜዳ ነፃ ነው፣ ጠዋት ሰው አይበዛም። ሰው ወደ ፊት ቆሞ ሳለ ፍላጻ አውታር ላይ አይገባም፤ ለመልቀም የምንሄደው ሁሉም ቀስቱን ሲያስቀምጥ ነው። ከገለባው ስትነቅዪ አንዱ እጅሽ ገለባውን ይጫን፣ ሌላው ፍላጻውን ከሥሩ ይዞ ቀጥ አድርጎ ይሳብ፤ ከኋላሽ ማንም እንዳይቆም። ትልልቁን የቀለበት ጉትቻ እቤት ተዪው፣ አውታሩ ይዞት ይሄዳል። ሹሩባሽን ወደ ኋላ አስሪ፣ ያንን ሰፊ እጅጌ ያለው ሹራብም አትልበሺ። የክንድ መከላከያ ሁለት አለኝ፣ አንዱ ላንቺ ይሆናል። የጣት ጓንት ግን የራስሽን ግዢ፤ የእኔ በጣትሽ ላይ ይዋልላል። ያንን ገጽ አሁን ዝጊውና ጓንት ፈልጊ፣ መጠኑን እኔ አየዋለሁ።